በወንድም የተማለ መሐላ

ደረሰን ሲጋራ ያስለመደው ድካም ነው። ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይነግራችሁም። በአገሩ የሚወራው ሌላ ነው፤ «ጣልያን አፍዝ አደንግዝ አቅምሶት ነው» ይላሉ፤ «ከአረመኔ ጋር በልቶ ጠጥቶ ነው» ይላሉ። ነገሩ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነበር። ጣልያን ከቡሬ ወደ ወጀት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምትባለው ከተማ፣ መንገድ ሲያወጣ ደረሰ ከእርሻው ተጎትተው ከሄዱት ገበሬዎች አንዱ ነበር። ሥራው ድንጋይ መፍለጥ ነው። ካቦው፣ የሥራው አለቃ፣ ቀና ያለ ሰው ካየ አለንጋውን ያነሣል። ሲጋራ የለኮሰ ሰው ግን እስኪጨርስ ቁጭ ቢል አይናገረውም፤ ራሱም አጫሽ ነውና በዚያች ሰዓት ሰው እንደማይነካ ያውቃል። ስለዚህ የማያጨሰው ሲፈልጥ ይውላል፣ የሚያጨሰው በየመሃሉ አረፍ ይላል።

አንድ ቀን ከጎኑ የሚፈልጠው ክንዱ የሚባል የቡሬ ሰው «እንካ፣ ሳበውና ቁጭ በል» አለው። ደረሰ ሳበው። ሳለ፤ እንባው ወረደ። ግን ቁጭ አለ፤ ካቦውም አይቶት አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ አያውቅም።

ክፉ ልማድ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። መጀመሪያ ለእረፍቱ ሲል አጨሰ። ቆይቶ እረፍት በሌለበትም አሰኘው። ኋላማ ማለዳ ዓይኑን ሲገልጥ ሳያማትብ እጁ ወደ ጆሮው ይሄድ ጀመር፤ ሲጋራውን የሚሰካው እዚያ ነበር። ጎጃም ሸፍቶ፣ ሠራተኛው ተበትኖ፣ ደረሰ ከፈጣም ወንዝ በላይ ካለው ጎጆው ሲመለስ መዶሻውን ጥሎ መጣ፤ አመሉን ግን ይዞት መጣ።

በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሲጋራ የሚሸት ሰው ምን እንደሚባል ለማንም አይጠፋም። ትምባሆ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ነውር ነው፤ ያ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚብሰው ሲጋራ የሚገኘው ቡሬ ካለው የጣልያን ምሽግ መሆኑ ነው። ምሽጉ ደግሞ ያለ ምክንያት ለማንም አይሰጥም። ደረሰ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቆሞ ሲጸልይ ከጎኑ ያሉት ቀስ ብለው ፈቀቅ ይላሉ። የሚስቱ የሀብትነሽ እህቶች ቤቱ መምጣት አቆሙ። ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው የአለኸኝን ነው።

አለኸኝ ታናሽ ወንድሙ ነው። እናታቸው አለኸኝን ወልዳ በአራስ ቤት ሞተች፤ አባታቸውም ብዙ ሳይቆይ በንዳድ ተከተላት። ደረሰ ያኔ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። ሕፃኑን አቅፎ ከወላድ ወደ ወላድ እየዞረ ጡት ለመነለት። በጀርባው አዝሎት አረመ፣ በትከሻው ተሸክሞት ወንዝ ተሻገረ። አለኸኝ አፉን ሲፈታ የጠራው እናቱን አይደለም፤ «አያ» ብሎ ወንድሙን ነው። አሁን ያ ልጅ ጎፈሬውን አጎፍሮ፣ ጠመንጃ አንግቶ ዱር ገብቷል።

አርበኞቹ ከፈጣም ማዶ ባለው ጫካ ነበሩ። ስንቅ የሚያቀብላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ የደረሰ ጎጆ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ቤት የሚወጣ ሰው ከመንገድ አይታይም። በሐምሌ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ አለኸኝ ጓደኛውን እጅጉን አስከትሎ መጣ። የእናታቸው እህት እማሆይ ዙፋንም በዚያ ቀን እዚያው ነበሩ።

«አያ» አለ አለኸኝ፣ ከእሳቱ ዳር ቁጢጥ ብሎ። «እነ እጅጉ አያምኑህም። ሲጋራ ያለው ጣልያን ነው፤ ጣልያን ደግሞ በነጻ አይሰጥም ነው የሚሉት። እኔ ወንድሜ እንዲህ አይደለም ብዬ ተከራከርሁ። ሽታህ ግን ይረታኛል።»

«እተወዋለሁ አልሁህ እኮ።»

«ባለፈውም ብለኸኝ ነበር።»

ደረሰ ደሙ ፈላ። ሰው አብዝቶ የሚናደደው እውነት ሲነግሩት ነው። «በመስቀሉ እምላለሁ!» አለ።

«በመስቀሉማ በፋሲካ ምለህ ነበር» አለ አለኸኝ፤ ፈገግ ብሎ ነው ያለው፣ ሊያሳፍረው አይደለም። «በእኔ ማል። ‹አለኸኝ ይሙት› በል። አንተ በእኔ ምለህ እንደማታፈርስ እጅጉም ያውቃል፣ አገርም ያውቃል።»

እማሆይ ዙፋን መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ተው ልጄ! በወንድም ነፍስ አይማልም» አሉ። «አንተም ስማኝ ደረሰ። እኔ ሳልመነኩስ በፊት ሱረት በአፍንጫዬ እስብ እንደነበር ታውቃለህ። በታቦት ምዬ አፍርሻለሁ። መሐላ አፍ ነው የሚዘጋ፤ ሆድ ውስጥ ያለውን አያወጣውም። ጥማቱ ሲመጣብህ እንደ ውሻ ደጅህ ላይ ይቆማል፤ ካልወረወርህለት ሰልችቶት ይሄዳል። ጥቂት ነው የሚቆይ። ያን ጊዜ ተነሥ፣ ወንዝ ውረድ፣ ውሃ ጠጣ፣ እጅህን ሥራ አስይዘው። ብትወድቅ ደግሞ ሳታሳድር ንገረኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ጥሩ ምክር ነበር። ግን ሦስት ወንዶች ነገራቸውን ሊቋጩ ቸኩለው በተቀመጡበት ቤት የመነኩሲት ምክር ማን ይሰማል? ደረሰ ተነሣ። ቀኝ እጁን በአለኸኝ ጎፈሬ ላይ ጫነ።

«ከእንግዲህ ሲጋራ በአፌ ቢዞር አለኸኝ ይሙት!»

«በቃ፣ ይበቃናል» አለ እጅጉ። በአገራችን ልማድ ከዚህ የሚበልጥ ዋስ የለም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀኖች ለደረሰ የመከራ ነበሩ። በሬውን ያለ ጥፋቱ ይገርፈዋል። ሀብትነሽ ወጥ ስታቀርብለት «ጨው የት አለ?» ብሎ ይጮኻል፣ ጨው ስትጨምርለት «በዛ» ይላል። ያልበው ነበር። አንዴ ይርበዋል፣ አንዴ የቀረበለትን አሽቀንጥሮ ይነሣል። እጁም ራሱን ችሎ ወደ ጆሮው ይሄዳል፤ ባዶ መሆኑን ሲያውቅ በዚያው ጭንቅላቱን ያካል። ቢሆንም ቻለ። የአለኸኝ ስም ጉሮሮው ላይ ቆሞ ከለከለው። ነሐሴ ሲጋመስ ወዙ ተመለሰ፤ ያረምም ጀመር፤ ሳሉም ቀነሰ። ስንቁን ሳያጓድል ያቀብላል። ሰዎቹም በቅዳሴ ከጎኑ መቆም ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ሊድን ተቃርቦ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ሀብትነሽ የክረምቱን ልብስ አጥር ላይ አሰጣች። ከልብሱ መካከል በመንገድ ሥራው ጊዜ የለበሰው አሮጌ ካፖርት ነበር። ደረሰ ሊያገላብጠው ሲያነሣው ከተቀደደው ገበር ውስጥ ግማሽ ሲጋራ እግሩ ሥር ወደቀ።

ቆሞ አየው። ሀብትነሽ ጓሮ ናት። ቢረግጠውስ? ሊረግጠው እግሩን አነሣ፤ ከዚያ ጎንበስ አለ። ፍም በገል ስባሪ ይዞ በቆሎው ውስጥ ገባ፤ እያለቀሰ አጨሰው። የመጀመሪያውን ጭስ ሲስብ ምን ያህል እንደጣመው ኋላ ሲናገር ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲጨርስ ግን መሐላው ትዝ አለው። «አለኸኝ!» ብሎ ከተቀመጠበት ዘለለ። አፋፉ ላይ ወጥቶ ማዶውን ሲያይ ዋለ። ተኩስ ይሰማ ይሆን? ሰው እየሮጠ ይመጣ ይሆን?

ማንም አልመጣም። ወደ ማምሻው ላይ የመጣው አለኸኝ ራሱ ነው፤ እያፏጨ፣ አደይ አበባ ጎፈሬው ላይ ሰክቶ። ደረሰ ሮጦ አቀፈው፤ አልለቅህ አለው።

«ምን ሆንህ አያ?» አለ አለኸኝ እየሳቀ። «ከሞት የተነሣሁ አስመሰልኸኝ እኮ!»

የከፋው ይኼ ነው። አለኸኝ በዚያ ቀን ራሱን እንኳ አሞት ቢሆን ደረሰ ዕድሜ ልኩን ሲጋራ ባልነካ ነበር። ልጁ ግን እንደ ወትሮው ስቆ፣ በልቶ፣ ስንቁን ተሸክሞ ሄደ። መሐላው አልነከሰም። ደረሰ በዚያ ምሽት ያን አወቀ፤ ባያውቀው ይሻለው ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። ገበያ በመጣ ቁጥር በርበሬ ልሸጥ ብሎ ቡሬ ይሄዳል። የድንጋይ ጓደኛው ክንዱ አሁን በምሽጉ ወጥ ቤት ገብቷል፤ በርበሬውን ይቀበለውና ሲጋራ ይሰጠዋል። ክንዱ ሌላ ነገር ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ሌላ ነገር ነግሮት አያውቅም። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ደረሰ ወንድሙን አልሸጠም።

ታዲያ ለምን ለእማሆይ አልነገራቸውም? ሄዶ «ወድቄአለሁ» ቢላቸው ምን ነበረበት? ይህን ብዙ ሰው ጠይቋል። መልሱ መሐላው ነው። በመስቀሉ ምሎ ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቱ ነግሮ፣ ሰግዶ፣ እንደገና ይጀምር ነበር። አሁን ግን «አጨስሁ» ማለት «ወንድሜን በሞት አስያዝሁት» ማለት ነው። ይህን በምን አፉ ይናገረው? ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት እያኘከ ዋለ፤ ልብሱን በጤና አዳም እያሸ አደረ። ባጨሰ ቁጥርም የአለኸኝን መምጣት እንደ አራስ ልጅ እናት ይጠብቅ ነበር። ደህና መሆኑን ያይና ይረጋጋል፤ ሲረጋጋ ደግሞ ያሰኘዋል።

ሀብትነሽ ሸትቷታል። የትኛዋ ሚስት ናት የባሏ ሽታ የሚጠፋት? አንድ ጊዜ «አንተ ሰው…» ብላ ጀምራ ተወችው። ደረሰ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰች። እንዲያ አለፈ።

በኅዳር አርበኞቹ ቦታ ሊለቁ ሆነ። ጣልያን በፈጣም ዳርቻ ቅኝት አብዝቷል፤ እነሱም ወደ ቋሪት ደጋ ሊወጡ ተስማሙ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ብዙ ስንቅ ያስፈልጋል። ሀብትነሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በሶውን ፈጨች፣ ድርቆሹን አደረቀች። አለኸኝ ለወንድሙ እንዲህ ብሎ ነገረው፦

«ጎህ ሲቀድ ከመሻገሪያው በላይ ካለው ሾላ ሥር እጠብቅሃለሁ። ፀሐይ ሳትወጣ መሄድ አለብን አያ። ከዚያ መቼ እንደምንተያይ እንጃ።»

ደረሰ ስንቁን አሰናዳ። ግን ሲጋራው ካለቀ ሰንብቷል፤ ገበያ አልነበረም። ወንድሙ ሊርቀው ነው፤ ልቡ ታውኳል፤ የታወከ ልብ ደግሞ የሚያውቀውን ማረጋጊያ ይፈልጋል። ሰውነቱ ይወጋጋው ጀመር። በጨለማ ተነሣ፤ ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። ወደ ሾላው የሚወርደውና ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ በሚለያዩበት ላይ ቆመ።

«ሮጬ እመለሳለሁ» አለ። ማንም ሳይጠይቀው ነው ያለው። ከረጢቱን አጋም ሥር ሸሽጎ የቡሬን መንገድ ያዘ።

ክንዱ በወጥ ቤቱ በር አልነበረም። ደረሰ ጠበቀ። ጎሁ ቀደደ። «አሁን ልመለስ» አለ፤ እግሩ አልታዘዘውም። እዚህ ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን? ትንሽ ልቆይ፣ ትንሽ ብቻ። ፀሐይዋ ስትፈነጥቅ ክንዱ እያዛጋ ወጣና ጥቂት ሲጋራ አስጨበጠው። ደረሰ ወገቡን በታጠቀበት ድግ ውስጥ ወተፋቸው፤ አንዱን ግን አስቀረ። ከከተማው ወጣ እንዳለ ለኮሰው። መጀመሪያ እየሄደ ሊያጨስ ነበር ሐሳቡ፤ ግን ጭሱ ወደ ደረቱ ሲገባ ያ የድሮው ነገር መጣበት፤ ካልተቀመጡ የማይጥም ነገር። ከመንገዱ ዳር ከተከመረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ራሱ የፈለጠው ድንጋይ ይሆናል።

እዚያ እንደተቀመጠ ቅኝቱ በፊቱ አለፈ። አስካሪዎች፣ ለጣልያን ያደሩ ወታደሮች፣ ናቸው፤ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ አንዱ እያንጎራጎረ። አንዱም ልብ አላለውም፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ለእነሱ የራሳቸው ሰው ነው። ከመንገዱ ወረዱና የፈጣምን ቁልቁለት ያዙ።

የደረሰ ልብ ዘለለ። አቋራጭ ያውቃል። አሁን ቢነሣ፣ በገደሉ በኩል ቢወርድ፣ ይቀድማቸዋል። ግን እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ፀሐይ ወጥታለች። አለኸኝ ቂል አይደለም። እስካሁን ትቶኝ ሄዷል፤ እነ እጅጉ መቼ ያስጠብቁታል? አሁን ቋሪትን እያየ ይሆናል። ይህን አስቦ ተጽናና። በጣቶቹ መካከል የቀረችውን ሲጋራ አየ፤ ትንሽ ነበረች። ጨረሳትና ተነሣ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርስ ነው ተኩሱ የተሰማው። ብዙ አልነበረም።

ሾላው ሥር ሲደርስ ወታደሮቹ አልፈዋል። አለኸኝ በጎኑ ተኝቷል፤ ጠመንጃውን ወስደውታል። ፊቱ ወደ ደረሰ ቤት ወደሚወስደው መንገድ ዞሯል። እጅጉ ከአጠገቡ ተንበርክኮ በነጠላው ጫፍ ደሙን ይጠርጋል፤ ያልቆመን ደም የሚያቆም ይመስል። ደረሰ ወደቀበት። «አለኸኝ! አለኸኝ!» አለ። በሕፃንነቱ ሲያስተኛው እንደሚጠራው ነው የጠራው።

እጅጉ ልቅሶው እስኪወጣለት ተወው። ኋላ ተናገረ፤ ለስለስ ብሎ ነው የተናገረው፣ ገና ምንም አላወቀም።

«ፀሐይ ወጣ፣ ና እንሂድ አልነው። ‹አያ ሳይመጣ አይቀርም› አለን። እኔ ክፉው ‹ሲጋራ ፍለጋ ሄዶ ቢሆንስ?› አልሁት። ሳቀብኝ እኮ! ‹በእኔ ምሎ? አንተ አያን አታውቀውም። ካልመጣ እግሩ ተሰብሮ ነው፤ ወይ ይዘውት ነው። እንዲህ ሆኖ ትቼው አልሄድም› አለኝ። እኛ ወደ ላይ ወጣን፤ እሱ እዚሁ ቀረ። ተኩሱን ስሰማ ተመለስሁ፤ አልደረስሁለትም። ምን ይዞህ ነው ደረሰ? ምን አገኘህ?»

ደረሰ ሊመልስ አፉን ከፈተ። በዚያ ቅርበት ቃል አላስፈለገም። እጅጉ ፊቱን ወደ ኋላ ሳበ፤ አፍንጫው ተከፈተ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አነሣ።

«ሸጥኸው?»

«አልሸጥሁትም። በእግዚአብሔር! ሲጋራ ላመጣ ሄጄ ነው። ለሲጋራ ነው የሄድሁ።»

እጅጉ አፍጥጦ አየው። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «ብትሸጠው ይሻል ነበር» አለ። «ቢያንስ ዋጋ አውጥቶ ይሞት ነበር።» አለኸኝን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ፤ ደረሰ እግሩን ሊይዝለት ሲጠጋ በክርኑ ገፋው።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቀበሩት። ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ፤ አልቃሿ የአለኸኝን ጎፈሬና ጀግንነት እየጠራች ሰውን አስለቀሰች። ደረሰ ከመቃብሩ ራስጌ ቆሟል። በዚያች ሰዓት፣ አፈሩ በወንድሙ ላይ ሲመለስ፣ ሰውነቱ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር። ሲጋራ። እንባው እየወረደ እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። በሕይወቱ ራሱን እንደዚያ ጊዜ የጠላበት ጊዜ የለም። ድጉ ውስጥ ያሉት ሲጋራዎች ወገቡን እንደ እሾህ ወጉት፤ ግን አልጣላቸውም።

ከሠልስቱ በኋላ ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሀብትነሽ መደቡ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለች፦

«ሸትቶኝ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ሸትቶኝ ነበር። ዝም አልሁ። ‹አጭሰሃል› ብልህ አለኸኝን በአፌ የገደልሁት መሰለኝ።»

ደረሰ ወደ መደቡ ሄደ። ከአጠገቧ ተቀመጠ፤ አብረው አለቀሱ። እዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱም ልጁን ሊያድኑ ብለው ዝም ብለዋል፤ ዝምታቸውም ነው የገደለው። ከዚህ የባሰ ኀዘን እኔ አላውቅም።

በማግሥቱ ደረሰ እማሆይ ዙፋን ዘንድ ሄደ። ሲጋራዎቹን ከድጉ አውጥቶ እግራቸው ሥር አስቀመጠ።

«ወድቄአለሁ» አላቸው።

«መቼ?»

«በመስከረም።»

እማሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ» ሊሉት ይችሉ ነበር። አላሉትም። እኔ ብሆን እል ነበር። እሳቸው ግን ሲጋራዎቹን አንሥተው እሳት ውስጥ ጨመሯቸው፤ ጭሱ እንዳይደርሰው ትከሻውን ይዘው ወደ ውጭ አወጡት። «አሁን ነግረኸኛል» አሉት። «ነገም ንገረኝ።»

ከዚያ በኋላ ተወው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ወንድሙን ቀብሮ ደግሞ ያጨሳል? አጨሰ። ልማድ የሰውን ኀዘን አይቆጥርም፤ እንዲያውም ኀዘን ሲያገኝ ይበረታል። በጥር ቡሬ ድረስ ሄዶ አጭሶ ተመለሰ። ልዩነቱ የቤቱን ደፍ ሳይረግጥ «ሀብቴ፣ አጭሻለሁ» ማለቱ ነው። እሷም አልጮኸችበትም። ውሃ አቀረበችለት፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ «ተነሥ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ጥማቱ ሲመጣበት «መጣብኝ» ይላታል። የያዘችውን ጥላ ትነሣለች፤ አብረው ወደ ፈጣም ይወርዳሉ፤ ውሃ ይጠጣል፤ እንጨት ይለቅማሉ። ሲመለሱ ሄዶለታል። ሰው ከገደሉ አፋፍ ባልና ሚስት ሲወርዱ ሲወጡ እያየ «በኀዘን አበዱ» ይል ነበር። ደረሰ ግን ቀስ በቀስ መውረዱን ቀነሰ። አንድ ቀንም እጁ ወደ ጆሮው ሳይሄድ ዋለ፤ ያን ያስተዋለችው ሀብትነሽ ናት።

ጣልያን ወጣ። ወጀትም ፍኖተ ሰላም ተባለች። ሲጋራ አሁን እንደ ጨው በየሱቁ የሚሸጥ ሆነ፤ የሚያጨስ ሰውም ባንዳ መባሉ ቀረ። ደረሰ ሸበተ። በርበሬውን ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ እያወጣ ይሸጣል። ከጎኑ የሚሸጥ ታከለ የሚባል የጨው ነጋዴ ነበር፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ የማያቋርጥ አጫሽ፣ የማያቋርጥ ሳል ያለበት። ሴት ልጁን ከጨው ከረጢቱ ላይ አስቀምጦ ሲያጨስ ይውላል። ታከለ፣ ደረሰ ድሮ ያጨስ እንደነበር ሰምቶ፣ አንድ ቀን ጠየቀው።

«አያ ደረሰ!» አለው።

ደረሰ ፊቱን አዞረ። በዚያ ስም ሰው ከጠራው ዘመን አልፎ ነበር።

«እንዴት አድርገው ተዉት? እኔ አልሆነልኝም። ዛሬ ግን ቆርጫለሁ። ከእንግዲህ ብነካው ይቺ ልጄ—»

ደረሰ ተነሥቶ የበርበሬ እጁን በታከለ አፍ ላይ ጫነ። ሰውየው ዓይኑ ተቃጥሎ እንባው ወረደ፤ ደረሰም አልለቀቀውም። ገበያተኛው ዞሮ አያቸው።

«አትማል» አለው። «በእሷ አትማል። ሲመጣብህ ለእኔ ንገረኝ፤ ተነሥተን ላህ ወንዝ እንወርዳለን። ብትወድቅም ንገረኝ። መሐላ ግን ከአፍህ እንዳይወጣ።»

ታከለ ዓይኑን በኩታው ጠረገ። «እርስዎስ አልማሉም?» አለ።

«ምዬ ነበር። በወንድሜ።»

«ታዲያ አላስተወዎትም?»

ደረሰ ልጅቷን አየ። የጨው ድንጋይ ትልሳለች።

«እኔን አላስተወኝም» አለ። «እሱን ግን አሳምኖት ነበር።»

ታከለ አልገባውም። ደረሰም አላስረዳውም፤ በርበሬውን በጨርቅ ሸፈነ፣ ልጅቷን ከከረጢቱ ላይ አንሥቶ አቀፋት፤ ከዚያ ሦስቱም ወደ ወንዙ ወረዱ።